እስክታመጪልኝ ድረስ

ስለት የሚሳል ሰው አያስብም። አስቦ ቢሆን ኖሮ አይሳልም ነበር። እኔ የተሳልኩት ሆላንድ አገር፣ ዘ ሄግ ከተማ፣ ሙርዋይክ በሚሉት ሰፈር የሰጡኝ ቤት ገብቼ በሩን የዘጋሁ ዕለት ነው። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ትቶት የሄደ ቢጫ መጋረጃ አለው። ከካርቱም ጀምሮ በልብሴ መሃል ጠቅልዬ ያመጣኋትን የኪዳነ ምሕረት ሥዕል አውጥቼ ግድግዳው ላይ ባገኘሁት ሚስማር ሰቀልኳትና ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ተናገርኩ። «አሳምነውን እስክታመጪልኝ ድረስ፣ በዐይኔ እስካየው ድረስ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልቀምስም። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል በአፌ አይዞርም» አልኳት።

አሳምነው ባሌ ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። በጋብቻችን በሁለተኛው ዓመት ከሚያስተምርበት ክፍል ጠርተው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ መሞቱንም መኖሩንም የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ሰው ሲሳል ጃንጥላ ይሳላል፣ ጧፍ ይሳላል፣ በግ ይሳላል። እኔ ከአፌ በቀር ምን ነበረኝ? አፌን ተሳልኩ።

አገሬ ብሆን ኖሮ ነገሩ እንዲህ ባልሆነ። የነፍስ አባቴ አባ ሽባባው ይህን ሲሰሙ በመስቀላቸው አናቴን መታ አድርገው፣ «ማን ፈቀደልሽ? ረቡዕና ዓርብን በወጉ ጹሚ፣ ለድኻም ስጪ፣ ይበቃሻል» ብለው ይቀንሱልኝ ነበር። የነፍስ አባት ያለው ለዚህ ነው፤ ሲጨምሩ «ተይ» ሊል። ዘ ሄግ ውስጥ የነፍስ አባት ከየት ይምጣ? የተሳልኩት እኔ፣ የተቀበልኩት እኔ፣ ዳኛዋም እኔ ሆንኩ። አገር ምድሩ በሚፈስክበት በበዓለ ሃምሳ እንኳ ጾምኩ፤ እሁድንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምኩ። ሃይ ባይ አልነበረኝም።

ሥራዬ ደግሞ ማጉረስ ነው። ሆላንዶቹ በያርደንሃውስ በሚሉት የአዛውንቶች መጦሪያ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥባቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ምሳ አበላለሁ። ድንች በሥጋ መረቅ፣ ከዚያ ቭላ የሚሉት የወተት ጣፋጭ፣ እሱም እንደ አጥሚት ወፈር ያለ ነው። እዚያ ስውል ጠረኑ ልብሴ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ በብስክሌት ቤት ይመጣል። ቤት ስደርስ ሻይ አፈላና ዳቦ እበላለሁ። አንዳንዴ ድንች እቀቅላለሁ። ምስር ገዝቼ ነበር፣ ግን ለአንድ ሰው ብሎ ሽንኩርት የሚያቁላላ ማን ነው? ከማን ጋር ሊበላ? ምስሩ እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ ከረመ።

ስለቱ ዓመት ሳይሞላው የወር አበባዬ ቀረ። መጀመሪያ አነሰ፣ ቀጥሎ አንድ ወር ዘለለ፣ በመጨረሻ ጨርሶ ተወኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ትደነግጥ ነበር። እኔ ግን እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ለምን ብትሉ፣ በእኛ ወግ ሴት በአበባዋ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከደጅ ቆማ ነው የምታስቀድሰው። አምስተርዳም ውስጥ የግብፅ ኦርቶዶክሶች አዳራሽ ተከራይተው ይቀድሱ ስለነበር፣ የእኛ የሆነ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ዘመን እኛም እሁድ እሁድ በባቡር እየሄድን ከእነሱ ጋር እናስቀድስ ነበር። ሴቶቹ ወራቸው ሲደርስ ከአዳራሹ ግድግዳ ሥር በብርድ ቆመው ይቀራሉ። እኔ ግን አንድም እሁድ ከደጅ ቀርቼ አላውቅም። ኪዳነ ምሕረት ጾሜን ተቀብላ ከሴቶች ልማድ አውጥታኛለች አልኩ። ከደጅ የቆመች ሳይ ከንፈሬን መጥጬላት እገባለሁ። ትዕቢት በባዶ ሆድም ያድጋል።

ሰውነቴ ግን ሌላ ይናገር ነበር። ጠጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ብርዱ ከውጭ ሳይሆን ከአጥንቴ ውስጥ የሚነሣ ይመስለኛል፤ ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ፀሐይ ሲሞቅ እኔ በካልሲ ላይ ካልሲ እደርባለሁ። እንቅልፍ የለም። ደረጃውን ስወጣ መሃል ላይ አርፋለሁ። ይህን ሁሉ የስደት ነው ብዬ አልፈዋለሁ፤ ስደት የማይሸከመው ነገር የለም።

በፈረንጆቹ 1984 ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ስልኬ ጮኸ። ስልክ ያስገባሁት የሚደውልልኝ ሰው ኖሮ አይደለም፤ ዝም ያለም ቢሆን ስልክ ያለበት ቤት የሰው ቤት ይመስላል ብዬ ነው። አነሣሁት።

«የትነበርሽ?» አለ። ድምፁ ሩቅ ነው፤ ግን እሱ ነው።

ተፈትቶ ኖሯል። በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ካርቱም ገብቷል፤ የስልክ ቁጥሬን እዚያ ከሚያውቁኝ ስደተኞች አግኝቷል። ስሜን ሲጠራ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ድምፅ የጠራኝ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ካምፑን፣ ሙቀቱን ነገረኝ፤ የስደተኞች ቢሮ ሰዎች ወደ እኔ የሚመጣበትን መንገድ እንደጀመሩለት ነገረኝ። መስመሩ ሊቋረጥ ሲል፣ «የትዬ፣ ልጅ እንወልዳለን። አንቺን የምትመስል ሴት ልጅ» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ በደስታ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔም አልገደደኝም። ልቅሶው ሲያባራ ግን አንድ ነገር መጣብኝ። ልጅ? ደም ካየሁ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነው። ከሴቶች ልማድ አወጣችኝ ብዬ የተኩራራሁት፣ ከእናትነትም አውጥታኝ እንደሆነስ? ሥዕሏን ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ልጇን ታቅፋለች።

ስለቱ ደግሞ ገና አልተፈጸመም። በዐይኔ አላየሁትም። እዚህ ደርሶ እንዴት ይፈታል?

በዚያው ሰሞን ሆላንዶቹ ከጀርመኖች ነፃ የወጡበትን ቀን ያከብራሉ፤ መንገዱ ባንዲራ በባንዲራ ይሆናል። መጦሪያው ውስጥ መፍራው ፊሰርን ምሳ እያበላሁ ነበር። መፍራው ማለት ወይዘሮ ነው። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እግሯ አይታዘዝም፣ ምላሷ ግን ከእኔ ይፈጥናል። ማንኪያውን ወደ አፏ ሳነሣ ዐይኔ ጨለመብኝ፤ ቭላው ጭኗ ላይ ፈሰሰ። አንጓዬን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ያዘችኝና አልለቀቀችኝም፤ በሁለት ጣቷ ዙሪያውን ለካችው።

«የወር አበባሽ አለ?» አለችኝ።

ሆላንዶች እንዲህ ናቸው። እኛ ለነፍስ አባት የምናፍረውን እነሱ ምሳ ላይ ይጠይቁሻል። ያንን ጥያቄ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም ነበርና፣ «የለም» አልኳት።

«አውቄያለሁ» አለች። «ይህን እጅ አውቀዋለሁ። በጦርነቱ የመጨረሻ ክረምት፣ እዚሁ ዘ ሄግ፣ ጀርመኖቹ እህል ዘጉብን። የቱሊፕ ሥር ቀቅለን በላን። የመንገዳችን ሴቶች አበባቸው እየቀረ ሄደ። በመጀመሪያ ያረገዝን መስሎን ነበር። በምን አቅማችን! እኔ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። አለቀልኝ ብዬ አለቀስኩ።»

«ከዚያስ መፍራው?»

«ከዚያማ ዳቦ መጣ። ቅቤ መጣ። ክረምት ሳይመለስ አበባዬ ተመለሰ፣ በዓመቱ አኔሊስን ወለድኩ።» አኔሊስ ሰሜን አገር የምትኖር ልጇ ናት፤ ለገና ትመጣለች። መፍራው ፊሰር እጄ ላይ ያለውን ሳሕን አየች። «እኛ ምግብ አልነበረንም። አንቺ ግን ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ።

ሳሕኑ ሙሉ ነበር።

በማግስቱ የሰፈሬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ረጅም፣ ቀዝቃዛ እጅ ያለው ሰውዬ ነው። መዘነኝ፤ አርባ አንድ ኪሎ። የምበላውን አንድ በአንድ ጠየቀኝ፣ ደም ወሰደ፣ በሳምንቱ ጠራኝ።

«አርጅቼ ነው?» አልኩት ከመቀመጤ በፊት።

«አይደለም» አለኝ። «ማረጥ አይደለም። እንዲህ ይረዱት፤ ጭንቅላትዎ ውስጥ አዛዥ አለ። በየወሩ ሆርሞን እየላከ የእንቁላል ከረጢቶችዎን ሥሩ ይላቸዋል። ሴት ስታርጥ ከረጢቶቹ ይደክሙና አዛዡ እየደጋገመ ይጮኻል፤ ደም ላይ ይታያል። የእርስዎ አዛዥ ግን ዝም ብሏል። ምግብ አነሰው፣ ስብ አለቀበት፣ ሐሳብ በዛበት። በዚህ ቤት ለልጅ የሚሆን ስንቅ የለም ብሎ ሥራውን ዘጋ።»

«ኪኒን ይስጡኝና ይክፈተው።»

«የወሊድ መከላከያ ኪኒን ብሰጥዎ በየወሩ ደም ያያሉ፤ ደሙ ግን የኪኒኑ ነው፣ ከረጢቶቹ እንደተኙ ናቸው። መድኃኒትዎ ምግብ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋትንም ጨምሮ። አጥንትዎም በዚሁ ከቀጠለ ይሳሳል።» ስለ ጾም ነገርኩት፤ ስለ ስለቱ ግን አልነገርኩትም። «ሥጋ አለመብላትዎ አይደለም ችግሩ፤ ሥጋ የማይበሉ ጤነኛ ሴቶች አሉ። ባቄላ፣ ምስር፣ ለውዝ፣ ዘይት ይበላሉ። እርስዎ የሚበሉት ከቁጥር አይገባም» አለኝ።

እውነቱን ነው። አገር ቤት የጾም ገበታ እንኳ ድግስ ነው፤ ሽሮው፣ ክኩ፣ ተልባው፣ ሱፉ፣ ዙሪያውን የሚያጎርስ ሰው። እኔ የጾምኩት ሰውንም ጭምር ነበር።

«በስንት ጊዜ ይመለሳል?» አልኩት።

«ስድስት ወር፣ ዓመት፤ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ቃል አልገባልዎትም» አለ። ቃል የማይገባ ሐኪም ይከብዳል፤ ግን አመንኩት።

ማንን ላማክር? የግብፆቹ ቄስ ደግ ሰው ናቸው፤ የእኔ እንግሊዝኛ ግን ስለ ዳቦና ስለ ትራም እንጂ ስለ ነፍስ አይናገርም። ስለዚህ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሮተርዳም ወርጄ በሜትሮ ሆግቭሊት ወደሚሉት ሰፈር ሄድኩ፣ በቅዳሴ የተዋወቅኳቸው የአገሬ ሰው እትዬ ጥሩአየሁ ዘንድ። ልጃቸው እዚያው አጠገብ ፔርኒስ ባለው የነዳጅ ማጣሪያ ይሠራል፤ እሳቸው ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው፤ መስኮት ሲከፍቱ የነዳጅ ሽታ ይገባል። እንደገባሁ ሳሕን አቀረቡ። ዶሮ ነበር። እጄን ሰበሰብኩ።

«ምነው?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለቱን፣ አበባዬን፣ ስልኩን፣ ሐኪሙን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አንዱን ብቻ መርጠው ተቆጡ።

«በሃምሳው ቀን ትጾሚያለሽ? ጌታ ተነሥቶ ዓለም ሁሉ በሚፈስክበት?»

«ስለት ነው እትዬ።»

«ይህማ ጾም አይደለም ልጄ፣ ኩርፊያ ነው። ጾምማ መፍቻ አለው። እመቤቴን አኩርፈሽ ነው የተቀመጥሽው።»

«ብፈታውና እሱ ባይመጣስ?» አልኩ። የፈራሁት ይኼን ብቻ ነበር፤ ባሌን ወይ ልጄን ምረጪ የተባልኩ መስሎኝ ነበር።

«ኪዳነ ምሕረት እኮ ናት! ጉምሩክ አደረግሻት እንዴ? ይህን ካልሰጠሽኝ ይህን አላሳልፍም የምትል?» ከወጡ ውስጥ እንቁላሉን አወጡ። «በሽተኛ አይጾምም። አንቺ በሽተኛ ነሽ። ኀጢአቱ በእኔ፣ ክፈቺ አፍሽን።»

ከፈትኩ። ግማሹን በላሁ። አስኳሉ ምላሴ ላይ ሲፈርስ ዐይኔን ጨፈንኩ፤ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት አላውቅም።

ሦስት ሳምንት በላሁ። ጠዋት ጠዋት እንቁላል እየቀቀልኩ፣ ጀርባዬን ለሥዕሏ ሰጥቼ ቆሜ እበላለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አሳምነው ደወለ። የመምጫው ጉዳይ ቆሟል፤ ቢሮው ውስጥ አዲስ ኃላፊ መጥቶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሩ ብሏቸዋል፤ ቢፈጥን ዓመት ይፈጃል። «አይዞሽ፣ እኔ መጠበቅ ለምጃለሁ» አለኝ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነበር። ያቺን ግማሽ እንቁላል አሰብኩ። ኀጢአቱ በእኔ ያሉት ሴትዮ ሆግቭሊት ተቀምጠዋል፤ ቅጣቱ ግን ካርቱም ወረደ።

ስለቱን መልሼ ያዝኩ፣ አጥብቄ። ያ በጋ ከሁሉ የከፋ ነበር። ቀኑ አይመሽም፤ ጎረቤቶቼ በረንዳቸው ላይ ሥጋ እየጠበሱ ይስቃሉ፤ እኔ ቢጫውን መጋረጃ ዘግቼ ዘጠኝ ሰዓትን እጠብቃለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ መብላት ያስጠላኛል። እትዬ ጥሩአየሁ ይደውላሉ። «እየበላሽ ነው?» ይሉኛል። «እየበላሁ ነው» እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

መኸር ሲገባ መፍራው ፊሰር መብላት አቆመች። የታመመችው በሽታ አልነበረም፤ ሰልችቷት ነው። አለቃዬ እኔን ላከችኝ። «አንቺን ትሰማሻለች» አለችኝ።

አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ማንኪያውን ስዘረጋ ፊቷን አዞረች።

«አንቺ ከበላሽ እበላለሁ» አለች።

«መፍራው፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም።»

«እንግዲያው የእኔም ሃይማኖት አይፈቅድልኝም» አለችና ዐይኗን ጨፈነች። ተኮሳትራ ነው የተናገረችው፤ እየቀለደች አልነበረም። «አንድ ክረምት ያንቺን ዓይነት እጆች እያየሁ ኖሬአለሁ። ጎረቤቴ ግሬት በዚያ ክረምት ሞተች። ሁለተኛ አላይም።»

ማንኪያውን ይዤ ቆየሁ። ለእመቤቴ ብዬ አሮጊት ላስርብ? እመቤቴ ይህን ብትጠይቀኝ እመቤቴ አትሆንም። ደግሞስ ኀጢአቱን የሚቀበልልኝ ማንም አልነበረም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ እኔና አንዲት መናፍቅ አሮጊት ብቻ ነን። አንድ ማንኪያ ቭላ ጎረስኩ። ጣፋጭ ነበር። አልቅሼ ይሆን? አዎ፣ አልቅሻለሁ። መፍራው ፊሰር ዐይኗን ገልጣ አየችኝና አፏን ከፈተች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ይኸው ሆነ፤ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለእኔ። የአገሬ ሰው ጉርሻ ይለዋል፤ እሷ ስሙን አታውቅም። ቤትም ምስሩን ከቁም ሣጥን አወጣሁት፤ ሽንኩርት አቁላላሁ፣ ዘይት ሳልሰስት ጨመርኩ፣ ብቻዬን ተቀምጬ በላሁ። እየፈራሁ ነው የበላሁት። ስልኩ በጮኸ ቁጥር መጥፎ ወሬ ነው ብዬ እየደነገጥኩ፣ ግን እየበላሁ። ክረምቱን ሙሉ ሥዕሏን ቀና ብዬ አላየኋትም።

ሙቀቴ ተመለሰ። ጠጉሬ ማበጠሪያው ላይ መቅረቱን ተወ። ጉንጬ ሞላ፤ የመጦሪያው ሴቶች «አማረብሽ» ይሉኝ ጀመር። ደም ግን የለም። ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ። ሐኪሙ «ይቀጥሉ» ይለኛል። መፍራው ፊሰር በጸደይ መጀመሪያ ሞተች፣ ተኝታ፣ ምሳዋን በልታ። ለቀብሯ አኔሊስ መጣች። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላት፣ ወፍራም፣ ቀይ ጉንጭ ያላት ሴት ናት። እጄን ጨብጣ አመሰገነችኝ። እኔ ደግሞ ትክ ብዬ አየኋት፤ ከረሃብ በኋላ የመጣች ልጅ ናት። ለእናቷ ካለቀስኩት ለእሷ የተደሰትኩት ይበልጣል፤ ያ ለማን ይነገራል?

አሳምነው በመኸር መጣ። በ1985 ነው፣ ጥቅምት ላይ። ስኪፖል አየር ማረፊያ በሩ ሲከፈት ወዲያው አየኝ። ጠጉሩ ሸብቷል፣ አንድ እግሩን ይጎትታል። ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ያው ነሽ። ምንም አልተለወጥሽም» አለኝ። ያንን ፊት መልሼ ለማምጣት ምን እንደበላሁና ምን እንደፈራሁ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አልነገርኩትም። ለአንተ ብዬ ማህፀኔን አስርቤ ነበር ይባላል፣ ከእስር ለወጣ ሰው? የራሱ ሸክም አይበቃውም?

ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሆንን፣ ግን ገና አንድ ቤት አልሆንንም። እሱ መስኮት ዳር ተቀምጦ ትራሙን ያያል። ከገበታ ሲነሣ ቁራሽ ዳቦ ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ አይቼ እንዳላየ እሆናለሁ። አንድ ቀን እጄን ይዞ፣ «የትዬ፣ ጊዜው አልፎብን ይሆን?» አለኝ።

«እግዜር ያውቃል» አልኩት። ሐኪሙም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ አሳምነው ብቻ ነው የማያውቀው። ያን ምሽት አጠገቤ ተኝቶ እያለ፣ ብቻዬን ከነበርኩበት ጊዜ ይልቅ ብቻዬን ነበርኩ።

በመጣ በሦስተኛው እሁድ ስለቴን ላደርስ ተነሣን። የተሳልኩት ተፈጽሟል፤ አምጥታልኛለች። ሄጄ ሥዕሏ ፊት ወድቄ፣ «ቃሌን አፍርሼብሽ አንቺ ግን ቃልሽን አላፈረስሽም፤ ማሪኝ» ልላት ነው። ጧፍ ገዛሁ። ነጠላዬን አጥቤ ተኮስኩ። ባቡሩ ውስጥ ከወገቤ በታች ቁርጠት ያዘኝ። ብዙ ስለተቀመጥኩ ነው አልኩ፤ ብነሣም አልተወኝም። አምስተርዳም ስንወርድ ይዘንብ ነበር።

አዳራሹ ደጅ ላይ አሳምነው ጫማውን አውልቆ ወደ ወንዶች መቆሚያ ገባ። እኔ በጎን ወዳለው መጸዳጃ ሄድኩ። በሩን ዘጋሁ። አየሁ።

ሦስት ዓመት ያላየሁት ነገር ነው። ጥቂት ነበር፣ ግን እሱ ነው። ተቀመጥኩና ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወትፌ አለቀስኩ፣ ግብፆቹ እንዳይሰሙኝ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩና ወጣሁ፤ ወጥቼም አልገባሁም፤ አሁን መግባት አልችልም። ከግድግዳው ሥር፣ ብስክሌቶች ከተደረደሩበት አጠገብ፣ ስንት ሴቶች ቆመው ከንፈሬን የመጠጥኩላቸው ቦታ ላይ ቆምኩ። ማንም አልነበረም። ዝናቡ ከጣሪያው ጫፍ ትከሻዬ ላይ ይንጠባጠባል። ቅዳሴው በበሩ ስንጥቅ ይሰማኛል። ከዚያው ሆኜ ነገርኳት። የሚነገረውን ሁሉ ነገርኳት፤ የማመሰግናትን አመሰገንኩ፣ የምማለላትን ተማለልኩ።

ለሰው ግን መንገር አማረኝ። መፍራው ፊሰር አፈር ውስጥ ናት። እትዬ ጥሩአየሁ ሆግቭሊት እግራቸውን አሟቸው ተኝተዋል። የደስታዬን ልክ የሚያውቅ አንድ ሰው በዚያ ከተማ አልነበረም። በሕይወቴ ከሁሉ ይበልጥ የተደሰትኩበትን ሰዓት ያሳለፍኩት ከብስክሌት ጋር ነው።

ሕዝቡ ሲወጣ አሳምነው ፈልጎኝ መጣ። ነጠላዬ ረጥቦ ሰውነቴ ላይ ተለጥፏል፤ ጧፉ እጄ ላይ ነው፣ አልበራም። አየኝ፣ በሩን አየ፣ ገባውና ዐይኑን ወደ መሬት አደረገ።

ከንፈሩን መጠጠልኝ። «ይህን ሁሉ መንገድ መጥተሽ ከደጅ ቀረሽ? አይዞሽ፣ ለሚመጣው እሁድ ትገቢያለሽ» አለኝ።

ሳቅኩ። ደነገጠ፤ ከመጣ ጀምሮ ስስቅ ሰምቶኝ አያውቅም ነበር።

«አሳምነው» አልኩት፣ «ይህ ምን አለው? ከዚህ የሚረዝም መቆም አለ።»

«የምን መቆም?»

«የወለደች ሴት የምትቆመው። ለወንድ አርባ ቀን፣ ለሴት ሰማንያ።»

ዝናቡ ውስጥ ቆሞ አየኝ። ሁሉን አልነገርኩትም፤ ገና ብዙ የምነግረው ነበረኝ። ግን ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲከፈት አየሁ።

«አንተ ሴት አልነበር ያልከኝ? ሴት ትሁን» አልኩት። «ሰማንያውንም ቀን ከደጅ እቆማለሁ።»